መጀመሪያ ካርታው፣ ከዛ ቁጥሩ፦ የሪሰርች መስክን በሳይቴሽን እንዴት እንስላለን፣ እንዴትስ እንለካዋለን

ብዙ ሰው ሳይቴሽን (አንድ ጽሑፍ በሌሎች ጽሑፎች መጠቀሱ) ሲባል ቀጥታ ሚሮጠው ወደ ቁጥሩ ነው፣ እገሌ ስንት ሳይቴሽን አለው፣ ኤች ኢንዴክሱ ስንት ደረሰ፣ ያሳተመበት ጆርናል ኢምፓክት ፋክተሩ ስንት ነው፣ በቃ። እኔ ግን እዚ ሥራ ላይ ከቆየሁ በኋላ አንድ ነገር ላይ አልደራደርም፣ ካርታው፣ ማለትም የመስኩ ሥራዎች የትኛው ከየትኛው እንደሚቀራረብ ሚያሳየው ሥዕል፣ ይቀድማል ቁጥሩ ይከተላል። 12 ሳይቴሽን ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ፔፐሩ የትኛው ሰፈር (ንዑስ መስክ) ውስጥ እንዳለ፣ ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑ፣ ከወጣ ስንት ዓመት እንደሆነው ካላወቅን 12 ዝም ብሎ 12 ነው። አንድ ጊዜ የሒሳብ ሰዎችና የሞለኪውላር ባዮሎጂ ሰዎች አንድ ሰንጠረዥ ላይ በሳይቴሽን ብዛት ተደርድረው አይቻለሁ፣ የሒሳብ ሰዎቹ በሙሉ ከታች ናቸው፣ ሒሳብ ውስጥ አንድ ፔፐር ሚዘረዝረው ሪፈረንስ ከባዮሎጂው በጣም ያነሰ ስለሆነ ለማንም ሚደርሰው ሳይቴሽን ያንሳል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ከሰንጠረዡ ጀርባ ስንት ዓመት የለፉ ሰዎች ነበሩ። ስለዚ ይሄን መመሪያ ምጽፈው አንድ ሰው ከባዶ ተነስቶ የራሱን መስክ ካርታ እንዲሠራና ከዛ በኋላ ብቻ ቁጥር እንዲያነሳ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ታሪክ ልበል፣ አጭር ነው፣ ዓመቶቹ እዚም ከዚ በታችም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 ሳይንስ መጽሔት ላይ የሳይቴሽን ኢንዴክስ ሐሳብ ሲያቀርብ የፈለገው መፈለጊያ መሣሪያ ነበር። ሐሳቡን ያገኘው ጠበቆች አንድ የፍርድ ውሳኔ በኋላ የት የት እንደተጠቀሰ ሚያዩበት ሼፓርድስ ከሚባል የድሮ የሕግ ማውጫ ነው። በ1964 የሳይንስ ሳይቴሽን ኢንዴክስ ወጣ፣ ወዲያው በ1965 ዴሪክ ዴ ሶላ ፕራይስ የፔፐሮችን መረብ ተመልክቶ ሳይንስ በሳይቴሽን ሊሳል እንደሚችል አሳየ። ሰው መለካቱ ከዛ በኋላ የመጣ ነገር ነው። ይሄን ማወቅ ይጠቅማል፣ መሣሪያው መጀመሪያ ለምን እንደተሠራ ካወቃችሁ የት ላይ እንደሚደክም ትገምታላችሁ።

ለምሳሌ እንዲሆነን ከዚ በታች የወባ ክትባት ሪሰርችን እንውሰድ፣ እናንተ የራሳችሁን መስክ ተኩበት።

1. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ሰው ሚዘለው ነው። «የወባ ክትባት ሪሰርችን ማየት እፈልጋለሁ» ጥያቄ አይደለም። «ባለፉት 10 ዓመታት የወባ ክትባት ሪሰርች ወደ ስንት ንዑስ መስክ ተከፍሏል፣ የትኛውስ እያደገ ነው?» ካላችሁ ጥያቄ ነው። ወይም «መስኩ የቆመባቸው መሠረት የሆኑ ሥራዎች የትኞቹ ናቸው?» ይሄ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ሚጠይቀው የሊንክ (ሥራዎችን ሚያገናኝ ዝምድና) ዓይነትም ይለያል፣ ደረጃ 5 ላይ ታዩታላችሁ። ሰው ወይም ተቋም መለካት ከሆነ ሐሳባችሁ ደግሞ ለምን ውሳኔ እንደሆነ ጻፉ፣ ለማስተዋወቅ ነው፣ በጀት ለመመደብ ነው፣ ወይስ ለራስ ለማወቅ።

2. ዳታቤዝ ምረጡ

ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ በክፍያ ናቸው፣ ዳታቸው በአንጻሩ የጸዳ ነው፣ ኤክስፖርት ማረግም ይቀላል። ኦፕን አሌክስ ደግሞ ነጻ ነው፣ በ2022 የተጀመረ፣ ማይክሮሶፍት አካዳሚክ ግራፍ ሲዘጋ ቦታውን ለመተካት የመጣ፣ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሥራዎችን የያዘ። ተቋማችሁ ካልከፈለ ከኦፕን አሌክስ መጀመር ምንም አያሳፍርም፣ እኔ አሁን አሁን እሱን ነው ማስቀድመው፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው ያለ ክፍያ ሥራዬን ደግሞ ማየት ይችላል። ጉግል ስኮላር ለፍለጋ አሪፍ ነው ግን ለዚ ሥራ አይሆንም፣ ዳታውን በጅምላ አያወርድላችሁም፣ ሚቆጥረው ነገርም ከመመረቂያ ጽሑፍ እስከ ኢንተርኔት ላይ የተጫነ ሪፖርት ድረስ የተደባለቀ ነው።

ማንኛውንም ብትመርጡ አንድ ነገር አትርሱ፣ በተለይ የሚከፈልባቸው ዳታቤዞች በእንግሊዝኛ ለታተሙ የጆርናል ጽሑፎች ያደላሉ። መስካችሁ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሕግ ወይም መጽሐፍ በብዛት ሚታተምበት መስክ ከሆነ ካርታው ላይ ባዶ ሜዳ ሆኖ ይወጣል፣ ሜዳው ግን ባዶ ሆኖ አይደለም። እንደዚ ዓይነት መስክ ላይ በሳይቴሽን ሰው መለካት በኔ እምነት ጭራሽ መደረግ የሌለበት ነገር ነው።

ደግሞ ከሁለት ዳታቤዝ የመጣ የሳይቴሽን ቁጥር አታደባልቁ። አንዱ ሰው ከስኮፐስ ሌላው ከጉግል ስኮላር ከተወሰደ ማወዳደር አይቻልም።

3. የፍለጋ ጥያቄውን ገንቡ

እዚ ላይ ጊዜ ስጡ። «ወባ» እና «ክትባት» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ብትፈልጉ ሁለት ነገር ይደርስባችኋል። አንደኛ ያመልጣችኋል፣ ጽሑፉ ወባ ሳይል ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም ብሎ የወባ አምጪውን ጥገኛ ስም ብቻ ሊል ይችላል፣ ክትባት ሳይል አርቲኤስኤስ ወይም አር 21 ወይም ሞስኩሪክስ ብሎ የክትባቶቹን ስም ብቻ ሊል ይችላል። ሁለተኛ የማትፈልጉት ይገባል፣ ስለ ሌላ በሽታ ክትባት እየጻፈ ወባን በመግቢያው አንዴ ብቻ የጠቀሰ ፔፐር። መፍትሔው ተመሳሳይ ቃላትን በ«ወይም» ማገናኘት፣ ሁለቱን ቡድኖች በ«እና» ማሰር፣ ፍለጋውንም ርዕስና አብስትራክት (የጽሑፉ አጭር ማጠቃለያ) ላይ ብቻ መወሰን ነው።

ከዛ ሙከራ አርጉ፦ መስኩ ውስጥ መገኘት አለባቸው ምትሏቸውን 10 ፔፐሮች አስቀድማችሁ ጻፉ፣ ፍለጋው ስንቱን አመጣ? 10ሩንም ካላመጣ ያልመጣውን ፔፐር ከፍታችሁ ምን ቃል እንደተጠቀመ አይታችሁ ጨምሩ። በተቃራኒው ከመጡት ውስጥ 50 በዘፈቀደ አንሱና አንብቡ፣ ማይመለከተው ስንት ነው? ከ50ው 10 ወይም 15 ማይመለከት ከሆነ ጥያቄው ገና ነው። አሰልቺ ነው አውቃለሁ፣ ግን ከዚ በኋላ ያለው ነገር በሙሉ እዚ ላይ ነው ሚቆመው።

የፍለጋውን ቃል እንዳለ፣ ቀኑን፣ የመጣውን ብዛት ፋይል ላይ ገልብጡ። የሳይቴሽን ቁጥር በየቀኑ ይቀየራል፣ ቀን የሌለው ቁጥር ሌላ ሰው ሊያረጋግጠው አይችልም።

4. ዳታውን አጽዱ

የመጀመሪያ ካርታዬን ስሠራ መሐል ላይ ትልልቅ ክቦች ሆነው የወጡት «ሰው»፣ «ጽሑፍ»፣ «ቁጥጥር ያለው ጥናት» የሚሉ ቃላት ነበሩ። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ቀናት ፈጅቶብኛል። ለካ ስኮፐስ ደራሲዎቹ ከሰጡት ኪወርድ (ቁልፍ ቃል) ሌላ የራሱን የማውጫ ኪወርድ ይጨምራል፣ እነዚ ቃላት ከዛ ነው ሚመጡት፣ ግማሽ ሜዲካል ሪሰርች ላይ ተለጥፈዋል። ስለዚ የኪወርድ ካርታ ስትሠሩ የደራሲዎቹን ኪወርድ ምረጡ፣ የማውጫውንም ከተጠቀማችሁ እነዚን አውጧቸው።

ሌላው ያው አንድ ነገር በብዙ ስም መጻፉ ነው። የወባ ክትባት በነጠላና በብዙ ቁጥር፣ ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም በሙሉና በምህጻር። ካልተዋሐዱ ካርታው ላይ ሁለት ሦስት ትንንሽ ነጥብ ሆነው ይበታተናሉ። ቪኦኤስ ቪወር የሚባለው ሶፍትዌር ለዚ ቴሳውረስ ፋይል ይቀበላል፣ ምንም ከባድ ነገር የለውም፣ ሁለት ዓምድ ያለው በታብ የተለየ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ የመጀመሪያው ዓምድ አርዕስቱ «ሌብል» ሁለተኛው «ሪፕሌስ ባይ»፣ በግራ የተገኘው ቃል በቀኝ ምትፈልጉት ቃል። በቀኝ በኩል ባዶ ከተዋችሁት ቃሉ ከካርታው ይወጣል።

የደራሲ ስም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ አንድ ሰው በሦስት ዓይነት ስፔሊንግ፣ ሦስት ሰው በአንድ ስም። ኦርኪድ ቁጥር (የተመራማሪ መለያ ቁጥር) ካለ እሱን ተከተሉ። ሰው መለካት ከሆነ ዓላማችሁ ደግሞ ዝርዝሩን ራሱ ሰውየው ወይም ሴትየዋ አይተው ማረጋገጥ አለባቸው፣ ይሄ ለድርድር አይቀርብም፣ ያላዩት ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ ሰው መመዘን ግፍ ነው።

የሰነድ ዓይነትም ለዩ። ሪቪው ጽሑፍ (የሌሎችን ጥናቶች ሚያጠቃልል) ከተራ የጥናት ጽሑፍ በብዙ ይበልጣል በሳይቴሽን፣ አንድ ላይ አትቁጠሩ። ከኅትመት የተሰረዙትንም አውጡ።

5. የትኛውን ሊንክ ትጠቀማላችሁ?

ይሄ የሥራው ልብ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሁለት ፔፐር ይቀራረባሉ ስንል በምን? ዋና ዋናዎቹ መንገዶች እነዚ ናቸው።

አንደኛው ቢብሊዮግራፊክ ካፕሊንግ ነው፣ በ1963 ኬስለር ያቀረበው። ሁለት ፔፐሮች ሪፈረንሳቸው ላይ የጋራ ሥራዎች ካላቸው ይቀራረባሉ፣ ማለትም ከአንድ ምንጭ ነው የቀዱት። አንዱ 40 ሪፈረንስ ሌላው 35 ኖሯቸው 12ቱ አንድ ከሆኑ የሊንኩ ጥንካሬ 12 ነው። ጥቅሙ ፔፐሩ ገና ትናንት ቢወጣም ሪፈረንሱ ስላለ ካርታው ላይ ይገባል፣ ስለዚ አሁን ምን እየተሠራ ነው ለሚል ጥያቄ እሱን ተጠቀሙ። ሪፈረንስ አንዴ ከታተመ ስለማይቀየር ሊንኩም አይቀየርም።

ሁለተኛው ኮ ሳይቴሽን ነው፣ በ1973 ሄንሪ ስሞል፣ በዛው ዓመት ደግሞ ለብቻዋ ኢሪና ማርሻኮቫ በሶቭየት ኅብረት። እዚ ጋር ሁለት ሥራዎች ሚቀራረቡት ሌሎች ሰዎች በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አብረው ስለሚጠሯቸው ነው፣ እንደ ሁለት ሰዎች አስቡት፣ እነሱ ላይተዋወቁ ይችላሉ ግን የሰፈሩ ሰው አንዱን ሲያነሳ ሌላውንም ያነሳል። ይሄ ካርታ በጊዜ ይቀየራል፣ ትናንት ያልተገናኙ ሁለት ሥራዎች ዛሬ አንድ አዲስ ፔፐር ሊያገናኛቸው ይችላል። መስኩ የቆመበትን መሠረት ለማየት ጥሩ ነው፣ አዲስ ሥራ ግን ለመጠራት ገና ጊዜ ስለሚፈልግ አይታይበትም።

ሦስተኛው የኪወርድ አብሮ መገኘት ነው፣ ሁለት ቃላት ስንት ፔፐር ላይ አብረው ታዩ የሚለው። ለማንበብ በጣም ቀላል ነው፣ ለጀማሪ እሱን እመክራለሁ፣ ግን ቃል ትርጉሙ ይለዋወጣልና ብቻውን አትመኑት። የትብብር ካርታም አለ፣ ማን ከማን ጋር አብሮ ጻፈ የሚል፣ እሱ ስለ ሰዎች ነው ሚነግራችሁ ስለ ሐሳብ አይደለም።

ሊንኩን ከመረጣችሁ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል፣ ኖርማላይዝ ማረግ፣ ማለትም ጥሬውን ቁጥር በየቃሉ ብዛት ማመጣጠን። ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር ላሳያችሁ። እንበል «ኢሚዩኒቲ» የሚለው ቃል 400 ፔፐር ላይ አለ፣ «አር 21» 20 ላይ፣ ሁለቱ አብረው 10 ፔፐር ላይ ታዩ። ሌላ «አድጁቫንት» የሚል ቃል 30 ላይ አለ፣ ከአር 21 ጋር አብሮ የታየው 8 ላይ ነው። በጥሬው 10 ከ8 ይበልጣል፣ ግን ኢሚዩኒቲ የሁሉም ጓደኛ ነው፣ ከማን ጋርስ ያልታየ? አብሮ የታየውን ለሁለቱ ብዛት ብዜት ስናካፍል የመጀመሪያው 10 ለ8000 ማለትም 0.00125 ይሆናል፣ ሁለተኛው 8 ለ600 ማለትም 0.0133። አድጁቫንት ከ10 እጥፍ በላይ ይቀርባል ማለት ነው። ቪኦኤስ ቪወር ሚጠቀመው አሶሲዬሽን ስትሬንግዝ የሚባለው ዘዴ ሐሳቡ ይሄ ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው ያነሳኋቸው።

6. ካርታውን ሳሉ

ቪኦኤስ ቪወር ነጻ ነው፣ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ኔስ ያን ቫን ኤክና ሉዶ ዋልትማን የሠሩት ነው። ኮድ መጻፍ ለሚችል ደግሞ አር በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ቢብሊዮሜትሪክስ የሚባል ፓኬጅ አለ፣ አሪያ እና ኩኩሩሎ በ2017 ያወጡት፣ ቢብሊዮሻይኒ በሚባለው ገጹ ኮድ ለማይጽፍም ይሆናል። ሳይትስፔስም አለ፣ በጊዜ ሂደት ምን ድንገት እንደፈነዳ ለማየት ጠንካራ ነው። እዚ በቪኦኤስ ቪወር እንሂድ።

ክሪኤት የሚለውን ትጫናላችሁ፣ ከዛ ቢብሊዮግራፊክ ዳታ ላይ የተመሠረተ ካርታ የሚለውን ትመርጣላችሁ፣ ያወረዳችሁትን ፋይል ትሰጡታላችሁ። የትንተና ዓይነት ሲጠይቃችሁ ደረጃ 5 ላይ የወሰናችሁትን ነው ምትሰጡት። ፉል ካውንቲንግ ወይስ ፍራክሽናል ካውንቲንግ ይላችኋል፣ ፉል ማለት 50 ደራሲ ያለው ፔፐር ለ50ውም ሙሉ ሊንክ ይሰጣል፣ ፍራክሽናል ደግሞ ያካፍለዋል። ትልልቅ የትብብር ፔፐሮች ያሉበት መስክ ላይ ፍራክሽናል ይሻላል፣ አለበለዚያ ሁለት ሦስት ትልልቅ ፔፐሮች ካርታውን በሙሉ ይጎትቱታል።

ከዛ ዝቅተኛ መጠን ይጠይቃል፣ ለምሳሌ ኪወርዱ ቢያንስ ስንት ጊዜ ይታይ። ለኪወርድ ፕሮግራሙ ከ5 ነው ሚጀምረው። 5 አርጋችሁ 2000 ቃል ከመጣ ካርታው የጉንዳን መንጋ ነው ሚመስለው፣ ከፍ አርጉት። እኔ ማየት ምፈልገው ከ80 እስከ 200 የሚሆን ነጥብ ነው፣ ከዛ በላይ ዓይን አይችለውም። አንዳንዶቹ ከሌሎቹ ጋር አልተገናኙም ካላችሁ ትልቁን የተገናኘ ክፍል ብቻ አስቀሩ፣ ግን የቀሩት እነማን እንደሆኑ እዩ፣ አንዳንዴ ገና ያልተያያዘ አዲስ ሐሳብ እዛ ውስጥ ይገኛል።

ክላስተሮቹ (የተቀራረቡ ነጥቦች ቡድኖች) በቀለም ይወጣሉ። ብዛታቸውን ሚወስነው ሬዞሉሽን የሚባል ቁጥር ነው፣ ሲጀምር 1 ነው፣ ከፍ ስታረጉት ክላስተሩ ይበዛል ዝቅ ስታረጉት ያንሳል። እዚ ጋር አንድ ልማድ ያዙ፣ 0.8 ላይ፣ 1 ላይ፣ 1.2 ላይ፣ ዝቅተኛ መጠኑንም 10 ላይና 15 ላይ ሠርታችሁ አወዳድሩ። በሁሉም ላይ አብረው ሚቆዩ ነጥቦች እውነተኛ ሰፈር ናቸው፣ አንዴ እዚ አንዴ እዛ ሚዘል ነጥብ ደግሞ ድንበር ላይ ያለ ነው፣ ስለሱ በእርግጠኝነት አትናገሩ። አንድ ካርታ ብቻ ሠርቶ «መስኩ 6 ክፍል አለው» ማለት ልክ አይደለም።

7. ካርታውን አንብቡ

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ፣ ካርታው ላይ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ ትርጉም የላቸውም። ብትገለብጡት ብታዞሩትም ያው ነው። ትርጉም ያለው ርቀት ነው፣ የተቀራረበ ይዛመዳል፣ እሱም ቢሆን በግምት፣ ምክንያቱም ብዙ አቅጣጫ ያለው ዝምድና ወረቀት ላይ ሲጨፈለቅ የሆነ ነገር ይዛባል። የክቡ ትልቀት ብዛት ነው፣ ጥራት አይደለም። ቀለሙም ክላስተር መለያ ነው እንጂ ቀይ ከአረንጓዴ አይበልጥም።

ለክላስተር ስም ከመስጠታችሁ በፊት ከእያንዳንዱ ውስጥ በጣም የተጠቀሱ 5 ፔፐሮችን፣ በተጨማሪም በዘፈቀደ 5 ሌሎች ክፈቱ። በጣም የተጠቀሱትን ብቻ ካነበባችሁ የክላስተሩን ዝነኞች እንጂ ክላስተሩን አላያችሁም። በወባ ክትባት ጉዳይ ምትጠብቁት አንዱ ክላስተር ስለ ስፖሮዞይት (ትንኝ ወደ ሰው ሚያስገባው የጥገኛው ደረጃ) እና ስለ አርቲኤስኤስ ሙከራዎች፣ ሌላው ስለ ደም ደረጃ አንቲጅኖች፣ ሌላው ደግሞ ወደ ትንኝ ሚደረገውን መተላለፍ ስለሚያግዱ ክትባቶች ሊሆን ይችላል፣ ግን ጠብቃችሁት ስለነበር ብቻ ስም አትለጥፉ። ከተቻለ መስኩን ሚያውቅ ሰው አሳዩ፣ ስሞቹን ደብቃችሁ ነጥቦቹን ብቻ። እሱ የሰጠው ስምና እናንተ የሰጣችሁት ከተገጣጠመ ደስ ይበላችሁ፣ ካልተገጣጠመ ደግሞ የተለያችሁበት ቦታ ላይ ብዙ ትማራላችሁ።

ኦቨርሌይ የሚባለው እይታ ነጥቦቹን በአማካይ የኅትመት ዓመት ቀለም ይቀባል። የዓለም ጤና ድርጅት አርቲኤስኤስን በጥቅምት 2021፣ አር 21ን በጥቅምት 2023 (በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር) ነው የመከረው፣ ስለዚ እነዚ ቃላት ዙሪያ ያለው ቀለም አዲስ መሆኑን ማየት ካርታችሁ እየሠራ መሆኑን አንድ ማረጋገጫ ነው። እንደዚ ከውጭ ምታውቁት ነገር ላይ ካርታውን መፈተን ጥሩ ልማድ ነው።

8. አሁን ለኩ

እዚ ስትደርሱ ሰፈሮቹ አሏችሁ። እያንዳንዱን ፔፐር ከራሱ ሰፈር፣ ከራሱ ዓመት፣ ከራሱ የሰነድ ዓይነት ጋር ነው ምታወዳድሩት። አሠራሩ ይሄው፦ የሰፈሩን የዛ ዓመት አማካይ ሳይቴሽን ፈልጉ፣ የፔፐሩን ሳይቴሽን ለዛ አካፍሉ። 30 ሳይቴሽን ያለው የባዮሎጂ ፔፐር፣ የሰፈሩ አማካይ 15 ከሆነ፣ 2 ይሆናል። 8 ሳይቴሽን ያለው የሒሳብ ፔፐር፣ የሰፈሩ አማካይ 4 ከሆነ፣ እሱም 2 ነው። በጥሬው 30 እና 8 የነበሩት እኩል ሆኑ። መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት ሰንጠረዥ በዚ ቢሠራ ኖሮ ሰዎቹ ሁሉ ከታች ባልወደቁ። 1 ማለት ልክ እንደ አማካዩ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፣ አማካዩን ምታሰሉት ካወረዳችሁት ፋይል ከሆነ እያንዳንዱ ሰፈር ውስጥ በዛ ዓመት በቂ ፔፐር መኖሩን እዩ፣ 6 ፔፐር ላይ የተሠራ አማካይ አማካይ አይደለም።

አማካይ ራሱ ችግር አለበት። ሳይቴሽን እኩል አይከፋፈልም፣ ጥቂቶች ብዙ ይወስዳሉ። 10 ፔፐር ያለው ቡድን፣ ዘጠኙ ሁለት ሁለት ሳይቴሽን፣ አንዱ 182 ካላቸው ድምሩ 200 ነው፣ አማካዩ 20፣ ሚዲያኑ (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ የመሐሉ) ግን 2 ነው። 20 የሚለው ቁጥር ከአሥሩ የአንዱንም እውነት አይናገርም። ስለዚ ከአማካይ ይልቅ ስንቱ በሰፈሩ ከላይኛው 10 ፐርሰንት ውስጥ ገባ የሚለውን ቁጠሩ። 40 ፔፐር ያለው ቡድን 7ቱ ከገቡ 17.5 ፐርሰንት ነው፣ በተራው ሚጠበቀው 10 ስለሆነ ጥሩ ነው ማለት ይቻላል። 4 ፔፐር ብቻ ያለው ሰው ላይ ግን ይሄንን አታስሉ፣ አንድ ፔፐር ገባ ወይም ወጣ ማለት 25 ፐርሰንት መዝለል ነው።

ጊዜም ስጡት። ያለፈው ዓመት ፔፐር ላይ ሳይቴሽን መቁጠር ትርጉም የለውም፣ ቢያንስ 3 ዓመት፣ ቀስ ባለ መስክ ላይ 5 እና ከዛ በላይ። ለሁሉም አንድ ዓይነት መስኮት ተጠቀሙ፣ ለምሳሌ ከታተመ በኋላ ባሉት 4 ዓመታት የተገኘ ሳይቴሽን ብቻ። ለዓመታት ማንም ሳያየው ተኝቶ በኋላ ሚነሳ ፔፐርም አለ፣ ቫን ራን በ2004 «የተኙ ቆንጆዎች» ያላቸው፣ እነሱን የትኛውም መስኮት አይዛቸውም።

ኤች ኢንዴክስን በተመለከተ፣ በ2005 ኸርሽ የሚባል የፊዚክስ ሰው ነው ያመጣው። ፔፐሮቹን ከብዙ ወደ ትንሽ ደርድሩ፣ 25፣ 18፣ 9፣ 6፣ 5፣ 3፣ 1። አምስተኛው 5 አለው፣ ስድስተኛው 3 ብቻ፣ ስለዚ ኤች 5 ነው። ለማስላት ቀላል ስለሆነ ተወደደ። ግን በሥራ ዘመን ርዝመት ያድጋል፣ መቼም አይቀንስም፣ ሰውየው ሥራ ቢያቆም እንኳን ሊያድግ ይችላል፣ በመስክም ይለያያል። ወጣትን ከአንጋፋ ጋር በዚ አታወዳድሩ። እኔ ሰው ላይ ጭራሽ አልጠቀመውም።

ኢምፓክት ፋክተር ደግሞ የጆርናል ነው፣ የፔፐር አይደለም። የ2024ቱ ሚሰላው ጆርናሉ በ2022ና በ2023 ያወጣቸው ጽሑፎች በ2024 ያገኙት ሳይቴሽን፣ ለጽሑፎቹ ብዛት ተካፍሎ ነው፣ 200 ጽሑፍ 500 ሳይቴሽን ካገኙ 2.5። ከላይ እንዳየነው ጥቂቶች ናቸው ያንን 2.5 ሚሸከሙት፣ አብዛኛው ከዛ በታች ነው። አንድን ሰው ባሳተመበት ጆርናል ቁጥር መመዘን በሰፈሩ ሀብታም ብዛት የአንድን ቤት ጓዳ እንደመገመት ነው። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረው ዶራ የሚባለው መግለጫ ይሄን በግልጽ ይቃወማል፣ በ2015 ኔቸር ላይ የወጣው የላይደን ማኒፌስቶም 10 መርሆች አሉት፣ የመጀመሪያው ቁጥር የባለሙያ ግምገማን ይደግፍ እንጂ አይተካ ነው ሚለው። ሰው ሚገመግም ኮሚቴ ውስጥ ካላችሁ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱንም አንብቧቸው፣ አጫጭር ናቸው።

9. ቁጥሩን ጠርጥሩ

የራስን ሥራ መጥቀስ ተለይቶ ይቆጠር፣ ከነሱና ያለነሱ ሁለቱንም አሳዩ። የራስን መጥቀስ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ተከታታይ ሥራ የሚሠራ ሰው የግድ ይጠቅሳል፣ ግን ግማሹ ከራሱ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ሰው ለምን እንደጠቀሰም እዩ። ፔፐር ለመቃወምም ይጠቀሳል። ለዘዴው ብቻም ይጠቀሳል፣ ላውሪና ባልደረቦቹ በ1951 የፕሮቲን መጠን ስለ መለካት የጻፉት ፔፐር ከ300 ሺህ በላይ ሳይቴሽን አለው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ሁሉም ስለሚጠቀመው ነው። በጣም ጠቃሚ ሥራ ነው፣ ግን ቁጥሩ ከሌሎች ሁሉ የሚበልጥ ግኝት መሆኑን አያሳይም፣ ጠቃሚነቱን ነው ሚያሳየው። «ላለው ይጨመርለታል» የሚለውም ነገር እዚ በደንብ ይሠራል፣ ሮበርት መርተን በ1968 የማቴዎስ ውጤት ብሎ የጻፈው ነው፣ የታወቀ ስም ያለው ሰው ከማይታወቀው ጋር እኩል ሥራ ሠርቶ የበለጠ ይጠቀሳል። ስለዚ በጣም የተጠቀሱትን ቢያንስ 10 ወስዳችሁ የጠቀሷቸውን ጽሑፎች ክፈቱና በምን አረፍተ ነገር እንደተጠቀሱ አንብቡ። አንድ ከሰዓት ይበቃል።

10. አስቀምጡና አጋሩ

የፍለጋውን ቃል፣ ቀኑን፣ የወረደውን ጥሬ ፋይል፣ ቴሳውረሱን፣ የመረጣችሁትን መጠን፣ ሬዞሉሽን፣ ፉል ወይስ ፍራክሽናል መሆኑን፣ የካርታውን ፋይል በአንድ ፎልደር ውስጥ አርጉ። ሪፖርቱ ላይ ካርታውን ስታስገቡ ሥር ላይ እነዚን በሁለት መስመር ጻፉ፣ ያለዚ ካርታው ሥዕል ብቻ ነው። ተቋም ወይም ሰው ከለካችሁ የተለኩት ሰዎች ቁጥሩን ቀድመው እንዲያዩና እንዲያርሙ 2 ሳምንት ስጧቸው፣ የሚመጣው እርማት ብዙ ጊዜ ደረጃ 4 ላይ ያመለጣችሁን ስም ነው።

ከዓመት በኋላ ያንኑ የፍለጋ ቃል፣ ያንኑ መጠን፣ ያንኑ ቴሳውረስ ይዛችሁ ድገሙት። ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን አርጉና ለሁለት የተከፈለ ክላስተር፣ አንድ የሆኑ ሁለት ክላስተሮች፣ አምና ያልነበረ ነጥብ ፈልጉ። አዲሱ ነጥብ ውስጥ ያሉትን ፔፐሮች ከማንም በፊት አንብቧቸው፣ ሳይቴሽናቸው ገና 0 ወይም 1 ቢሆንም።